ከድልድይ የተጀመረ ለውጥ

ሥር የሰደደን ልማድ ማስለወጥ ከሥራ ሁሉ የከበደ ነው። አዋጅ ሊታወጅ፣ ቅጣት ሊደነገግ ይቻላል፤ ነገር ግን እናቶች በልባቸው ካልተቀበሉትና ጎረቤት ከጎረቤቱ ካልተስማማ አዋጁ ወረቀት ሆኖ ይቀራል። ታዲያ ሰው ሁሉ በአንድነት የያዘውን ልማድ በአንድነት እንዲተወው ለማድረግ ምን ዓይነት ሥራ ያስፈልጋል? ይህንን የዕድሜ ልክ ሙያቸው ካደረጉት ኢትዮጵያውያት አንዷ ወይዘሮ ቦጋለች ገብሬ ነበሩ።

ወይዘሮ ቦጋለች የተወለዱት በከምባታ፣ ዛቶ በምትባል መንደር ነው። ለሴት ልጅ ውኃ መቅዳትና እንጨት መልቀም በቂ ሙያ ነው በሚባልበት ዘመን ከቤት እየተደበቁ ፊደል ቆጠሩ። ከዚያም ትምህርታቸውን ገፍተው እስከ እስራኤልና አሜሪካ ዘለቁ። በልጅነታቸው የተፈጸመባቸው ግርዛት ለሞት አድርሷቸው ስለነበር፣ የሌሎች ልጃገረዶች ነገር ከልባቸው አልወጣም።

እ.ኤ.አ. በ1997 ከእኅታቸው ጋር ሆነው የከምባታ ሴቶችን በኅብረት የሚያሠራ ድርጅት አቋቋሙ። መጀመሪያ ለሕዝቡ ሊያስረዱ ያሰቡት ስለ ኤድስ ነበር። የመንደሩ ሰው ግን ድልድይ ባለመኖሩ ልጆች ትምህርት ቤት፣ ነጋዴዎችም ገበያ መድረስ እንደተሳናቸው ነገራቸው። ወይዘሮ ቦጋለች የራሳቸውን ዕቅድ አቆይተው ድልድዩ እንዲሠራ አደረጉ። ሰውም ችግሩን የሰማለትን ሰው መልሶ ለመስማት ልቡን ከፈተ።

ቀጥሎ የመጣው ውይይት ነበር። ወንድና ሴት፣ ሽማግሌና ወጣት በየጊዜው አብረው እየተቀመጡ ስለ ልማዳቸው ተነጋገሩ። በንግግሩም የነገሩ ቋጠሮ ታየ። እናት ልጇን የምታስገርዘው ጠልታት አይደለም፤ ያልተገረዘች ልጅ ባል አታገኝም ብላ ስለምትሰጋ ነው። አንዲት እናት ብቻዋን እምቢ ብትል መከራው በልጇ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ውሳኔው የሁሉም፣ ይልቁንም የሚያገቡት ወጣቶችና የአባቶቻቸው መሆን ነበረበት።

እ.ኤ.አ. በ2002 አንዲት ያልተገረዘች ሙሽራ ይህንኑ በአደባባይ እያስታወቀች ተዳረች፤ ሙሽራውም በምርጫው እንደሚደሰት ገለጸ። ሌሎችም ተከተሏቸው። ግርዛትን በግልጽ የሚከለክለው የወንጀል ሕግ ሥራ ላይ የዋለው ከዚያ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። ሕጉ ሲደርስ በእነዚያ መንደሮች የሚቀበለው ሰው ቀድሞ ተዘጋጅቶ ነበር ማለት ነው። በአሥር ዓመት ገደማ ውስጥም ልማዱ በአካባቢው እጅግ ማሽቆልቆሉ በጥናት ታየ። ለዚህ ሥራቸው ወይዘሮ ቦጋለች በቤልጅግ የንጉሥ ቦዱዋን ሽልማት ተሰጣቸው። ያረፉት እ.ኤ.አ. በ2019 ነው።

እናቶችና ሠራተኞች እኅቶቻችን ከዚህ ሕይወት የሚቀስሙት ብዙ ነው። በዕድር፣ በማኅበር ወይም በመሥሪያ ቤት አንድ ነገር ለመለወጥ የምትነሣ ሴት አስቀድማ የባልንጀሮቿን ችግር ትጠይቅ፤ የእነርሱንም ድልድይ አብራ ትሥራ። የሚፈሩትን ነገር አትናቅ፤ ፍርሃቱ ከየት እንደመጣ ትመርምር። ወንዶቹንም ከውይይቱ አታርቅ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንዲሉ፣ አንዲት እናት ብቻዋን የማትወጣውን መንደር ተስማምቶ ይወጣዋል።