ኮምባይነሩ ከስንት ይጀምር?

በሮቤም ሆነ በጎባ፣ በአንዳንድ የመሥሪያ ቤት ግቢዎች ጥግ ሣር የወረሰው ፒክ አፕ፣ ጎማው የተነፈሰ ትራክተር ወይም ከሥራ የወጣ የውኃ ፓምፕ ቆሞ ማየት ለአላፊ አግዳሚው እንግዳ ነገር አይደለም። እንዲህ ያለው ንብረት ሁልጊዜ ገዢ ጠፍቶ የቆመ አይደለም። ጨረታ የወጣበት፣ ማስታወቂያው በር ላይ የተለጠፈለት፣ ኤንቨሎፑም በተባለው ሰዓት የተከፈተለት ሊሆን ይችላል። የቀረበው ገንዘብ ከተቆረጠው መነሻ ዋጋ ስላነሰ ብቻ ጨረታው ተሰርዞ ንብረቱ እንደገና ዝናብ ላይ ያድራል።

መነሻ ዋጋ ሻጩ «ከዚህ በታች አልሸጥም» የሚልበት መስመር ነው። ከፍ ካለ ገዢ ያባርራል፤ ዝቅ ካለ ንብረት ያስበላል። ጉዳዩ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችን ብቻ የሚመለከት አይደለም። አሮጌ ኮምባይነሩን ለመሸጥ የተነሣ የሲናና ባለሀብት፣ የተበዳሪን ትራክተር በሐራጅ የሚያወጣ ባንክ፣ ወደ አዲስ አበባ ሊዛወር ሲል ፍሪጁንና ሶፋውን በቴሌግራም የሚያስተዋውቅ የመዳ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ መምህር፣ ሁሉም የሚገጥማቸው ጥያቄ ያው ነው፤ ከስንት ልጀምር?

በተለመደው አሠራር ዋጋ የሚቆረጠው ወደ ኋላ በማየት ነው። ገማች ኮሚቴው ንብረቱ የተገዛበትን ዋጋ ከመዝገብ ያወጣል፤ የየዓመቱን የእርጅና ተቀናሽ ያነሣለታል፤ የቀረውን ይጽፋል። ግለሰቡም ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ የሚነሣው «ስንት አውጥቼበታለሁ» ከሚለው ነው። መዝገብ ግን ገበያን አያውቅም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ተመንን ለገበያ ሲለቅ፣ 58 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ዘለቀ። አዲስ ማሽን የሚያስመጣ ሰው የሚከፍለው ብር ሲያሻቅብ የአሮጌው ተፈላጊነት አብሮ ይነሣል። ከዚያ ቀን በፊት በተሠራ ግምት ጨረታ የሚያወጣ መሥሪያ ቤት፣ ንብረቱን ባለፈው ዓመት ዋጋ እንደሰጠ ይቆጠራል።

ነገሩ ግን አንድ ወገን ብቻ የለውም። የመለዋወጫውም ዋጋ ከዶላሩ ጋር ስለወጣ፣ ሞተሩ መታደስ ያለበት ማሽን ከጭማሪው የሚያገኘው ድርሻ ጥቂት ነው። ገዢው የጥገናውን ወጪ አስልቶ፣ ከዋጋው ላይ ቀንሶ ነው የሚቀርበው። በ2011 ዓ.ም. ማብቂያ መንግሥት የእርሻ መሣሪያዎች ከቀረጥ ነፃ እንዲገቡ መፍቀዱም በአሮጌዎቹ ዋጋ ላይ ወደ ታች የሚጫን ሌላ ክብደት ነው። የገማች ኮሚቴው መዝገብ ከእነዚህ አንዱንም አያሳይም።

ባሌ ላይ ሒሳቡን ይበልጥ የሚያወሳስበው ወቅት ነው። የባሌ ደጋ ከአርሲ ጋር የአገሪቱ የስንዴ መቀነት ይባላል። ትራክተርና ኮምባይነር በዚህ ሜዳ ላይ በስፋት የታዩት በደርግ ዘመን በተቋቋሙት የመንግሥት እርሻዎች ነበር። ዛሬ በሲናና፣ በአጋርፋና በጋሰራ ማሳዎች ላይ በኩንታል ሒሳብ የሚያጭዱት የግል ባለንብረቶች ኮምባይነሮች ናቸው። ዓመቱ ሁለት አዝመራ አለው። በበልግ ዝናብ የሚዘራው «ገና» (ከበዓሉ ጋር የስም እንጂ የሌላ ዝምድና የለውም) ክረምቱ መሐል ይደርሳል፤ «ቦና» የሚባለው ደግሞ በአብዛኛው በታኅሣሥና በጥር ይታጨዳል። ስለዚህ ኅዳር ላይ ለጨረታ የወጣ ኮምባይነርና የካቲት ላይ የወጣው ያው ኮምባይነር በገበያ ዓይን አንድ ዕቃ አይደሉም። የኅዳሩ ገዢ በሳምንታት ውስጥ ማሳ ላይ አሰማርቶ ገንዘቡን መመለስ ይጀምራል። የየካቲቱ ገዢ ግን ማሽኑን ለወራት የሚያቆምበት ቦታና ጠባቂ መፈለግ አለበት።

ታዲያ ሻጩ ማየት ያለበት ወደ ፊት ነው። ጥያቄው «ዛሬ ባልሸጠውስ ምን አገኝበታለሁ?» የሚል ነው። ለምሳሌ ያህል፣ ባለቤቱ ኮምባይነሩን አንድ አዝመራ ቢያሠራው ነዳጁ፣ የኦፕሬተሩ ክፍያና ጥገናው ተቀንሶ 400 ሺህ ብር ይቀርለታል እንበል። ከአዝመራው በኋላ ደግሞ በ2 ሚሊዮን ብር ሊሸጠው ይችላል። እስከዚያ ያለው የመሰበር አደጋና ገንዘቡ ታስሮ የሚቆይበት ወለድ 300 ሺህ ብር ቢገመት፣ ዛሬ ከ2 ሚሊዮን 100 ሺህ ብር በታች መሸጥ አይበጀውም። ማሽኑን በ5 ሚሊዮን ቢገዛውም፣ በ1 ሚሊዮን ቢገዛውም ይህ ቁጥር አይለወጥም። ይህቺ የመጨረሻዋ ነጥብ ለብዙ ሻጭ ትመራለች።

ኢኮኖሚስቶች ከዚህ አንድ እርምጃ ይሄዳሉ። በ2007 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ከተጋሩት አንዱ ሮጀር ማየርሰን በ1981 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ሻጩ ንብረቱ ለራሱ ካለው ዋጋ ከፍ ያለ መነሻ ቢቆርጥ፣ አልፎ አልፎ ሳይሸጥ ቢቀርም በአማካይ እንደሚጠቀም በስሌት አሳይተዋል። ከፍታው እስከ ምን ድረስ ይሁን ለሚለው የመሥሪያ ቤቱን አሮጌ ፓምፕ መውሰድ ይቻላል። ፓምፑ ለመሥሪያ ቤቱ ምንም አይሠራለትም፤ ስለዚህ ባይሸጥ ዋጋው ዜሮ ነው። አንድ ገዢ ብቻ አለ፤ ለመክፈል የሚፈቅደውም ከዜሮ እስከ 100 ሺህ ብር ያለ ማንኛውም ቁጥር በእኩል ዕድል ሊሆን ይችላል። መነሻው 50 ሺህ ብር ቢሆን ከሁለት ጊዜ አንዱ ይሸጣል፤ በአማካይ 25 ሺህ ብር ይገኛል። 70 ሺህ ቢባል ከአሥር ጊዜ ሦስቱን ብቻ ይሸጣል፤ አማካዩ ወደ 21 ሺህ ይወርዳል። 30 ሺህ ቢባል ከአሥር ሰባቱን ይሸጣል፤ አማካዩ ይኸው 21 ሺህ ነው። አስወድዶ መሳሳትና አርክሶ መሳሳት በገንዘብ እኩል ሆኑ ማለት ነው። ያረከሰው ግን ቢያንስ ግቢውን አጽድቷል።

አሁን ሁለተኛ ገዢ ይምጣ። ሁለቱ በግልጽ ሐራጅ እየጨመሩ ቢፎካከሩ፣ ምንም መነሻ ዋጋ ሳይኖር እንኳ ሻጩ በአማካይ 33 ሺህ ብር ገደማ ያገኛል። ለአንድ ገዢ በጥንቃቄ የተቆረጠው ምርጥ መነሻ ካስገኘው 25 ሺህ ይበልጣል። ሁለት ገዢም፣ የ50 ሺህ መነሻም ባንድነት ካሉ ደግሞ ወደ 42 ሺህ ይደርሳል። ጄረሚ ቡሎውና ፖል ክሌምፐረር የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በ1996 እ.ኤ.አ. ያረጋገጡት ይህንኑ ነው፤ በመሠረቱ አንድ ተጨማሪ ተጫራች ከማንኛውም የረቀቀ መነሻ ዋጋ ይበልጣል።

ባሌ ላይ የሚያጥረውም ይኸው ተጨማሪ ተጫራች ነው። ሮቤ በሻሸመኔና በዶዶላ በኩል ከአዲስ አበባ 430 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ከምናለሽ ተራ ብረታ ብረት ነጋዴ ጀምሮ እስከ አዳማ ማሽን ገዢ ድረስ፣ ሰነድ ለመግዛት አንድ ጊዜ፣ ንብረቱን ለማየት አንድ ጊዜ፣ ኤንቨሎፕ ሲከፈት ለመገኘት ሌላ ጊዜ ና ከተባለ፣ ወይ ይቀራል ወይ የመንገዱን ወጪ ከሚሰጠው ዋጋ ላይ ይቀንሳል። ብዙው ማስታወቂያ «ንብረቱን ባለበት ሁኔታ በሥራ ሰዓት ማየት ይቻላል» ከሚል አንድ መስመር አያልፍም። የሞተሩ ድምፅ የሚሰማበት የሁለት ደቂቃ ቪዲዮ፣ የሻንሲ ቁጥሩ፣ የጎደሉት ዕቃዎች ዝርዝርና የጎማው ፎቶግራፍ በቴሌግራም ቢለቀቁ የዶዶላውና የሻሸመኔው ገዢ ቤቱ ሆኖ ያሰላል። ይህን ለማድረግ የሚወጣው ገንዘብ ለጋዜጣ ማስታወቂያ ከሚወጣው አይበልጥም።

ተጫራች ሲያንስ ሌላም አደጋ አለ። ሦስት ሰዎች ብቻ በር ላይ ከተገናኙ መስማማት ይቀላቸዋል። አንዱ በርካሽ ይወስዳል፤ ሁለቱ ድርሻቸውን ተቀብለው ይሄዳሉ። እንዲህ ባለው ጊዜ ሻጩን የሚጠብቀው ብቸኛ አጥር መነሻ ዋጋው ነው። ስለዚህ መነሻ ይቅር ማለት በትልቅ ከተማ ገበያ ሊያዋጣ ይችላል፤ ጥቂት ነጋዴዎች እርስ በርስ በሚተዋወቁበት ከተማ ግን ንብረትን አሳልፎ መስጠት ነው።

የጨረታው ዓይነትም መታየት አለበት። በሐራጅ መነሻው ዝቅ ቢል ተጫራቹ እየጨመረ ራሱ ሊያነሣው ይችላል። በታሸገ ኤንቨሎፕ ግን ተጫራቹ ሌላው የጻፈውን አያይም። ተወዳዳሪ እንደሌለው ከገመተና መነሻው 200 ሺህ ብር ከተባለ፣ 201 ሺህ ጽፎ ይሄዳል። ማስታወቂያው ላይ የታተመው ወለል ጣሪያ ሆነ ማለት ነው። በኤንቨሎፕ የሚሸጥ ሰው መነሻውን ወደ እውነተኛው የመጨረሻ ዋጋው ማስጠጋት የሚኖርበት በዚህ ምክንያት ነው።

ይህን የሚያውቁ አንዳንድ ሻጮች መነሻ ዋጋውን ጨርሶ መደበቅ ይመርጣሉ። በቴሌግራም የአሮጌ ዕቃ ገበያ «ዋጋ በውስጥ መስመር» የሚለው ጽሑፍ የተለመደ ነው፤ የገዢው መልስም «መጨረሻው ስንት ነው?» ነው። በውጭ አገር ይህ አሠራር መደበኛ መልክ ይዟል። በ1995 እ.ኤ.አ. ተቋቁሞ ከመጀመሪያዎቹ ሽያጮቹ አንዱ በ14 ዶላር ከ83 ሳንቲም የተሸጠ የተበላሸ የሌዘር ጠቋሚ የነበረው ኢቤይ፣ ሻጩ ምሥጢራዊ ዝቅተኛ ዋጋ እንዲያስቀምጥ ይፈቅዳል። ተጫራቹ ዋጋው እንዳልተሞላ ይነገረዋል እንጂ ስንት እንደሆነ አይነገረውም። ራማ ካትካርና ዴቪድ ራይሊ የተባሉ ተመራማሪዎች ይህን ለመፈተን ተመሳሳይ የሆኑ 50 ጥንድ የፖኬሞን ካርዶችን በዚያው ገበያ አወጡ። አንዱን ካርድ መነሻው በግልጽ ተጽፎለት፣ ጥንዱን ያው መነሻ ተደብቆለት ሸጡ። በ2006 እ.ኤ.አ. የታተመው ውጤት እንዳመለከተው ዋጋው የተደበቀው ካርድ የመሸጥ ዕድሉ አነሰ፤ ቁም ነገረኛ ተጫራቾች ሸሹት፤ የሚያስገኘውም ገንዘብ ቀነሰ። የልጆች ካርድ ኮምባይነር አይደለም። ነገር ግን ሮቤ ድረስ ለመምጣት ነዳጅ የሚያቃጥል ገዢ፣ ከቤቱ ሆኖ ቁልፍ ከሚጫን ካርድ ሰብሳቢ ይልቅ ከመነሳቱ በፊት ዋጋውን ማወቅ ይፈልጋል።

በኢትዮጵያ የጨረታ ማስታወቂያዎች መጨረሻ ላይ የምትገኘው «መሥሪያ ቤቱ የተሻለ አማራጭ ካገኘ ጨረታውን በሙሉም ሆነ በከፊል የመሰረዝ መብቱ የተጠበቀ ነው» የምትለው ሐረግም በሥራዋ ከተደበቀ ዋጋ አትለይም። ተጫራቹ መነሻውን አልፎ አሸንፎም ሊባረር እንደሚችል ትነግረዋለች። የማስከበሪያ ገንዘቡን በሲፒኦ አሠርቶ የሚቀመጥ ነጋዴ ይህንን ስጋት በነፃ አይሸከምም፤ ከሚጽፈው ቁጥር ላይ ይቀንሰዋል።

የመነሻ ዋጋ ስሕተት ከሁሉም በላይ የሚከብደው በተበዳሪ ላይ ነው። አዋጅ ቁጥር 97/1990 ባንኮች በመያዣ የያዙትን ንብረት ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥተው ፍርድ ቤት ሳይሄዱ በጨረታ እንዲሸጡ ፈቀደ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የተንቀሳቃሽ ንብረት ዋስትና አዋጅ ቁጥር 1147 ደግሞ የእርሻ መሣሪያን የመሳሰሉ ንብረቶች በስፋት ለብድር መያዣ የሚሆኑበትን መንገድ ከፈተ። በብድር የተገዛ ኮምባይነር ለሐራጅ ሲወጣ፣ መነሻው ዝቅ ብሎ በርካሽ ከተሸጠ ያልተሸፈነው ዕዳ ከተበዳሪው ትከሻ አይወርድም። መነሻው ተሰቅሎ ጨረታው ከከሸፈም ወለዱ ይቆጥራል፤ ማሽኑም ያረጃል። ባንኩ ለጥንቃቄ፣ ተበዳሪው ለክብሩ ሲል ሁለቱም ግምቱ ከፍ እንዲል ሊፈልጉ ይችላሉ። ያ ከፍታ ግን ዕዳውን አይከፍልም።

የከሸፈ ጨረታ ለሁለተኛ ጊዜ ሲወጣ መነሻው ብዙ ጊዜ ዝቅ ይላል። ነጋዴው ይህን ልማድ ካወቀ በመጀመሪያው ቀን አይመጣም፤ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ስለዚህ መነሻውን በመጀመሪያው ማስታወቂያ አስተካክሎ መቁረጥ፣ ሁለተኛ ዙር ካስፈለገም መቼ እንደሚወጣና በስንት እንደሚቀንስ አስቀድሞ አለመናገር ይበጃል። ቀኑም ከአዝመራው ጋር መመዘን አለበት። ጥቅምት ላይ ሊወጣ ይችል የነበረ የኮምባይነር ጨረታ በግምት ክርክር ጥር ላይ ቢደርስ፣ ቦና ታጭዶ እያለቀ ነው፤ ከሻሸመኔ 180 ኪሎ ሜትር ነድቶ የሚመጣው ገዢም አሁን የሚያሰላው የሚቀጥለውን ክረምት ነው።