በሩቅ ያለ መዝገብ ቅጂውን በቤት ስለ ማኖር

የነጋዴ ሀብቱ በመጋዘኑ ያለው በቆሎና በርበሬ ብቻ ሳይሆን፥ ማን ምን ያህል እንደ ወሰደና ማን ምን ያህል ዕዳ እንደ ቀረበት የሚያስረዳው መዝገብ ጭምር መሆኑ የታወቀ ነው። ቀድሞ መዝገቡ በሱቁ ሣጥን ተቆልፎ ያድር ነበር። ዛሬ ግን የዱርቤቴ፥ የቡሬ ወይም የፍኖተ ሰላም ነጋዴ ሒሳቡን ሰርቨር በሚባለው በሩቅ አገር ባለ ኮምፒዩተር ሊያኖር ይችላል። በ2015 ዓ. ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት በቆየ ጊዜ፥ በሩቅ ብቻ የተቀመጠ መዝገብ ለባለቤቱ የማይደረስበት ሆኖ ነበር። ስለዚህ መስመሩ ሳይቋረጥ ቅጂውን በቤት ማኖር ያስፈልጋል።

ለዚህ ሥራ ያለ ዋጋ ከሚገኙት መሣሪያዎች ሦስቱን ማወቅ ይበቃል።

አንደኛው አንድሩ ትሪጅልና ፖል ማከራስ በ1988 ዓ. ም. በአውስትራሊያ ያወጡት አርሲንክ ነው። ይህ መሣሪያ ፋይሉን ከፋፍሎ ከቤቱ ቅጂ ጋር ያመሳክርና የተለወጠውን ክፍል ብቻ ያመጣል። ከ500 ሜጋባይት መዝገብ የተለወጠው 5 ሜጋባይት ቢሆን፥ የኢንተርኔቱ ወጪ ከዚያ ብዙም አያልፍም። ነገር ግን መሣሪያው በሰርቨሩም በቤቱም ኮምፒዩተር መኖር አለበት።

ሁለተኛው ደብሊው ጌት ነው። በድረ ገጽ የወጡ የዋጋ ዝርዝሮችንና ደንቦችን ለመቅዳት ያገለግላል፤ መስመሩ ቢቋረጥም ካቆመበት እንዲቀጥል ማዘዝ ይቻላል። ሆኖም የተለወጠውን ፋይል በሙሉ እንደገና ያመጣል።

ሦስተኛው አርክሎን ሲሆን፥ እንደ ጉግል ድራይቭ ባሉ ማከማቻዎች የተቀመጠውን ለመቅዳት የተዘጋጀ ነው።

ከሁሉ ይልቅ መጠንቀቅ የሚገባው ስለ ማጥፋት ትእዛዝ ነው። በአርሲንክ ይህ ትእዛዝ ከተሰጠ፥ ጸሐፊው በስሕተት ከሰርቨሩ የደመሰሰው ደረሰኝ ከቤቱም ቅጂ ይደመሰሳል። በአርክሎንም «ሲንክ» የተባለው ትእዛዝ እንዲሁ ሲያጠፋ፥ «ኮፒ» የተባለው ግን አያጠፋም። ስለዚህ በሁለቱም መሣሪያዎች ያለውን የሙከራ ትእዛዝ አስቀድሞ ሰጥቶ፥ ምን እንደሚመጣና ምን እንደሚጠፋ መመልከት ይገባል።

በመጨረሻም፥ በየሳምንቱ ሱቁ ሲዘጋ አንድ ቅጂ በተለየ ዲስክ ይቀመጥ፤ ከኮምፒዩተሩም ተነቅሎ ይቆለፍበት። በወር አንድ ጊዜም ኢንተርኔቱን ዘግቶ መዝገቡን ከዚሁ ቅጂ መክፈትና የጥቂት ደንበኞችን ሒሳብ ማንበብ መልካም ነው። የማይከፈት ከሆነ ጉድለቱ መስመሩ ሳለ ይታወቃልና፥ ለማረም ጊዜ ይኖራል።