ጋሻ የመሰለው ተራራ

እሳተ ገሞራ ሲባል ብዙዎቻችን በሐሳባችን የምንስለው ጫፉ የሾለ፤ ጐኑ ገደል የሆነ ረጅም ተራራ ነው። በአፋር ምድር የሚገኘው ኤርታ ኣሌ ግን እንዲህ አይደለም። ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ 613 ሜትር ብቻ ሲሆን፤ ወርዱ ብዙ ኪሎ ሜትር ነው። ከሩቅ ለሚመለከተው ሰው ፊቱ ወደ ላይ ሆኖ መሬት ላይ የተጋደመ ጋሻ ይመስላል። የመሬት ሊቃውንትም እንዲህ ያለውን ተራራ በጋሻ ስም ይጠሩታል።

ቅርጹ ስለምን እንዲህ ሆነ? ለዚህ ምሳሌው ከማድ ቤት አይጠፋም። ገንፎ ከሳሕን ላይ ሲወጣ እንደ ተቈለለ ይቀራል፤ የእንጀራ ሊጥ ግን ምጣድ ላይ ሲፈስ ወዲያው ይሰፋል። ከከርሠ ምድር የሚወጣው የቀለጠ ድንጋይም እንደዚሁ ነው። ሲሊካ የተባለው ማዕድን የበዛበት ወፍራም ስለሚሆን በወጣበት ይከመራል፤ ያነሰበት፤ ማለት ሲበርድ ባዛልት የሚሆነው፤ ቀጭን ስለ ሆነ ርቆ ይፈሳል። ኤርታ ኣሌ በአብዛኛው የተሠራው ይኸው ቀጭኑ ፍሳሽ እየተነባበረ ነው።

ይህም ፍሳሽ በዚያ ስፍራ የሚወጣው ምድሪቱ በመሰንጠቅ ላይ ስላለች ነው። የዐረብና የአፍሪካ ምድር በዓመት ከ1 እስከ 2 ሣንቲ ሜትር ያህል ይራራቃሉ። በመካከላቸው ያለው የምድር ቅርፊት ሲሳሳ፤ ከሥር ያለው ትኩስ ዐለት ወደ ላይ ይነሣል፤ የተጫነው ክብደትም ሲቀልለት ይቀልጣል። በተራራው ዙሪያ ያለው ሜዳ ከባሕር ወለል በታች ሊሆን የቻለውም ቅርፊቱ ሳስቶ ስለ ሰመጠ ነው።

በ1960 ዓ.ም. ሀሩን ታዚየፍ የተባለው ሊቅና ጓደኞቹ ወደ ተራራው ወጥተው፤ በአፉ ውስጥ የሚንተከተከውን የቀለጠ ድንጋይ ሐይቅ መረመሩ። በጥር 2009 ዓ.ም. ግን ሐይቁ ሞልቶ ከፈሰሰ በኋላ፤ የተራራው ጐን ተሰንጥቆ ፍሳሹ በሜዳው ላይ ብዙ ኪሎ ሜትር ተጓዘ።

ይሁን እንጂ ዝቅተኛ ተራራ ሁሉ በዝግታ ብቻ ይፈሳል ብሎ መተማመን አይገባም። በዚያው ሰንሰለት ደቡብ ጫፍ ያለው ሃይሊ ጉቢ፤ እርሱም ጋሻ መሰል ሲሆን፤ ከዚያ በፊት መፈንዳቱ በታሪክ አልተመዘገበም ነበር። ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. በድንገት ፈንድቶ አመዱን 14 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰማይ ላከ። አመዱም ቀይ ባሕርን ተሻግሮ እስከ ህንድ ደረሰ፤ በአፍዴራ መንደሮች ግን የከብቱን ግጦሽ ሸፈነው።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፤ ለአርብቶ አደር ግጦሽ ማለት ወተትም ገንዘብም ነው። ስለዚህ ሲጤስ የምናየውን ተራራ ብቻ ሳይሆን፤ ተኝቷል የምንለውንም መከታተል ያስፈልጋል።