የሐምዳይት ጥንቸል የትኛዋ ናት?

ተከዜ ሰቲት ተብሎ ሱዳን በሚገባበት በሐምዳይት፣ ጥንቸል ሲነሳ «ማዶ ሁመራም፣ ላይ ጎንደርም ያለችው ያችው ናት» የሚል አይጠፋም። ነገሩ ግን እንዲያ አይደለም።

በኢትዮጵያ ከሚኖሩ የዱር ጥንቸል ዝርያዎች መካከል ሦስቱ እነሆ። ሌፐስ ሀቤሲኒከስ እ.ኤ.አ. በ1832 የተሰየመች የቆላ ጥንቸል ስትሆን በኤርትራ፣ በጅቡቲና በሶማሊያም ትኖራለች። ሌፐስ ፋጋኒ እ.ኤ.አ. በ1903 ከጣና አካባቢ ታወቀች። ሌፐስ ስታርኪ እ.ኤ.አ. በ1963 የተሰየመች የደጋ ጥንቸል ናት፤ ባሌ ላይ ቀይ ቀበሮ ያድናታል። ሱዳን ደግሞ የኬፕና የሳቫና ጥንቸሎች አሏት። ሐምዳይት የአንዳንዶቹ መኖሪያዎች በሚቀራረቡበት ዳርቻ ላይ ናት፤ የመለየቱ ችግር የሚከብደውም ለዚህ ነው።

«ቀለሟን አይቼ እለያታለሁ» የሚለው እምነት በጣም የተለመደ ነው፤ ብዙ የሚያሳስተውም እሱ ነው። የኬፕ ጥንቸል ቀለም እንደ አፈሩ ይለዋወጣል፦ በአሸዋማ ምድር ገርጣ፣ በጥቁር አፈር ጠቆር ትላለች። የገዳሪፍ ጥቁር መረሬና የከሰላ ደረቅ ምድር ጎረቤት ስለሆኑ፣ አንዷ ዝርያ ሁለት፣ ሁለት ዝርያዎችም አንድ መስለው ሊታዩ ይችላሉ። ግዝፈትም አይረዳም፤ የታየችው ገና ያላደገች ልትሆን ትችላለች። ሰፊ ጥቁር የጆሮ ጫፍ የደጋዋን ስታርኪ ለማወቅ ይጠቅማል፤ ቆላ ላይ ግን ጆሮ ብቻውን አይበቃም።

ጥርስ የተሻለ ይናገራል። የላይኛው የፊት ጥርስ ቁመቱን ተከትሎ የሚወርድ ቦይ አለው፤ የኬፕ ጥንቸል ቦይ ቀላልና ጥልቀት የሌለው ሲሆን፣ የሳቫናዋ ጥልቅና በጠጣር ነገር የተሞላ ነው። ይህ የሚታየው የራስ ቅል ሲገኝ ነው፤ ከሩቅ ለሚያይ ሰው አይሆንም።

«እንግዲያው ዘረመል ይፍረደን» ለሚልም መልሱ ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ ጥናት የኢትዮጵያ የጥንቸል ዝርያዎች በዘመናት ውስጥ እርስ በርስ መዳቀላቸውን አሳይቷል። ከእናት ብቻ የሚወረሰው ዘረመል የሌላ ዝርያ ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ ከሌላው ዘረመል ጋር ካልተመሳከረ መደምደሚያው ይሳሳታል።

«ጥንቸል ጉድጓድ ትቆፍራለች» የሚለው ሌላው የተሳሳተ እምነት ደግሞ ከለማዳዋ ጥንቸል የመጣ ነው። የዱሯ በሣር ውስጥ ጎድጎድ ባለ ቦታ ትተኛለች፤ ግልገሎቿም ጠጉር ለብሰው፣ ዓይናቸውን ገልጠው ይወለዳሉ። የለማዳዋ ግልገሎች ግን ራቁታቸውንና ዓይናቸው ተጨፍኖ ይወለዳሉ። ጥንቸል ከአይጥ ወገንም አይደለችም፦ ከላይኛው የፊት ጥርሶቿ ኋላ ሌላ ጥንድ ትናንሽ ጥርስ አላት።

የጣናዋ ፋጋኒ ቀደም ሲል ስለ ብዛታቸው በቂ መረጃ ከሌላቸው ዝርያዎች ተርታ ተመድባ ነበር። እኔ ይህን በቁም ነገር እወስደዋለሁ፤ የት እንዳለች ያልታወቀች እንስሳ ማሳ ሲሰፋና ሣሩ ሲመነጠር ብትጎድል የሚያውቅላት የለም። ጥንቸል ያየ ሰው ቦታውን፣ ከፍታውንና ቀኑን ይመዝግብ፤ ጆሮዋንና ጅራቷን አጉልቶ ፎቶ ያንሳ፤ የራስ ቅል ካገኘም ከነጥርሱ ያስቀምጥ።