በሙቀት ጊዜ ኬክን በቅቤ ክሬም ስለ ማስጌጥ

ለልጅ ልደት በቤት ውስጥ ኬክ ጋግሮ በክሬም ማስጌጥ በከተሞቻችን የተለመደ ባልትና ሆኗል። ነገር ግን እንደ ድሬዳዋ ባለ ሞቃት አገር፥ በግንቦትና በሰኔ ሙቀቱ ወደ 35 ዲግሪ ሲደርስ፥ ብዙ የቤት እመቤቶች «ክሬሙ ፈሰሰብኝ» እያሉ ያዝናሉ። የፈሰሰ ክሬም ዐይንን ቢያስቀይም ነው። የሚያሰጋው ሌላ ነው፤ ክሬሙን ያፈሰሰው ሙቀት ጀርምንም ያራባል፤ የልደቱ እንግዶች ደግሞ ሕፃናት ናቸው።

ቅቤ ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሲደርስ ይቀልጣል፤ ከዚያ በፊትም ይለሰልሳል። ጀርም ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ባለው ሙቀት ይራባል። በቅቤና በብዙ ስኳር ብቻ የተመታ ክሬም ቶሎ አይበላሽም፤ ስኳሩ ጀርሙ የሚፈልገውን ውሃ ይይዝበታልና። ጥሬ እንቁላል ወይም ብዙ ወተት ሲገባበት ግን ነገሩ ይለወጣል። ስለዚህ እንዲህ ቢደረግ ይበጃል።

1ኛ/ እጅን በሳሙና አጥርቶ መታጠብ፥ ጥፍርንም መቁረጥ። ጣቱ የቆሰለ ሰው ክሬም አይንካ። ከቁስል የሚገባው ጀርም በክሬሙ ውስጥ መርዝ ያወጣል፤ መርዙም ቢፈላ እንኳ አይጠፋም። አንድ ጊዜ ልደት ተጠርቼ ሳለሁ የቤቱ እመቤት ጣታቸውን በጨርቅ አስረው ክሬም ሲጨምቁ አየሁ። «እትዬ፥ ይህንን ለእኅትዎ ይስጡልኝ» ብላቸው ምክንያቱን ሰምተው እሺ አሉኝ፤ አልተቀየሙም።

2ኛ/ ፓስተራይዝድ ከሆነ ወተት የተሠራ 250 ግራም የገበታ ቅቤ፥ 500 ግራም የዱቄት ስኳር፥ 1 ወይም 2 ማንኪያ ፈልቶ የቀዘቀዘ ወተት አንድ ላይ መምታት። ካልፈላ ወተት የተናጠ ለጋ ቅቤ የብሩሴላን በሽታ ሊያስተላልፍ ይችላል፤ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ጥሬ እንቁላልም አይግባበት።

3ኛ/ ኬኩ ፈጽሞ ሳይበርድ ክሬም አይቀባም። ትኩስ ኬክ ክሬሙን ከሥር ያቀልጠዋል።

4ኛ/ ፍሪጅ ያለው ሰው ማለዳ በብርዱ አስጊጦ እዚያው ያስቀምጥ። ፍሪጅ የሌለው ግን እንግዳ ሊደርስ ሲል ብቻ ይሥራ፤ ከፍ ከፍ ያለውን አበባ ትቶ በቢላዋ ልሙጥ አድርጎ ቢቀባ ይሻላል። የክሬሙን ሳሕን የእንስራ ውሃ በያዘ ትልቅ ሳሕን ውስጥ ማስቀመጥ ይጠቅማል፤ እንስራ ላብ እያወጣ ውሃውን ያቀዘቅዛልና። ውሃው ግን ክሬሙ ላይ እንዳይረጭ!

5ኛ/ መጭመቂያውን ከረጢት ግማሹን ብቻ መሙላት። ብዙ ክሬም በእጅ ውስጥ ሲቆይ የመዳፍ ሙቀት ያፈሰዋል። በጋዜጣ ወረቀት መጠቅለል አይገባም፤ ቀለሙ ወደ ምግቡ ይገባል።

6ኛ/ ኬኩን ከዝንብ በንጹሕ ክዳን መሸፈን። ሙቀቱ ከ32 ዲግሪ ካለፈ ገበታ ላይ ከ1 ሰዓት በላይ አይቆይ። ውጭ የዋለውን ትርፍ «ለነገ ይሆናል» ብሎ ለልጅ መስጠት አይገባም።

ከበላ በኋላ የሚያስታውክ ወይም የሚያስቀምጠው ልጅ ቢኖር ኦ.አር.ኤስ. በንጹሕ ውሃ በጥብጦ ቶሎ ቶሎ፥ በትንሽ በትንሹ ማጠጣት ነው። የያዘውን የማያስቀር፥ የደከመ ወይም ዐይኑ የጎደጎደ ከሆነ ግን እስኪነጋ አይጠበቅም፤ ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ።