ኮምፒውተር ሲንቀራፈፍ ከፎርማት በፊት ሊታይ የሚገባው

የቤት ኮምፒውተር መንቀራፈፍ ሲጀምር፣ ለመነሣት ብዙ ደቂቃ ሲፈጅ ወይም በሥራ መካከል ቀጥ ብሎ ሲቀር፣ ከወዳጅም ሆነ ከጥገና ቤት ብዙ ጊዜ የሚሰማው ምክር «ፎርማት ይደረግ» የሚል ነው። ፎርማት ማድረግ ማለት በመረጃ ማከማቻው ላይ ያለውን የፋይል አደረጃጀት አጥፍቶ እንደ አዲስ ማዘጋጀት ሲሆን፣ በተለምዶ ዊንዶውስን እንደገና መጫንንም ይጨምራል። ችግሩ የተበላሸ ፕሮግራም ወይም ሥር የሰደደ ቫይረስ ከሆነ ይህ በእርግጥ መፍትሔ ነው። የመንቀራፈፉ ምክንያት ያረጀ ሀርድ ዲስክ፣ ያነሰ ራም ወይም አቧራ የደፈነው ማራገቢያ ከሆነ ግን ፎርማት ለአጭር ጊዜ ዕፎይታ ከመስጠት አልፎ የሚፈይደው ነገር የለም፤ በአንጻሩ ለዓመታት የተሰበሰቡ የቤተሰብ ፎቶግራፎችንና ሰነዶችን ይዞ ሊሄድ ይችላል። በመሆኑም መድኃኒቱ ከመታዘዙ በፊት ሕመሙ ሊመረመር ይገባል፤ ምርመራውም ልዩ ሙያ አይጠይቅም።

መጀመሪያ የሚሞከረው ኮምፒውተሩን አጥፍቶ ማብራት መሆኑ የታወቀ ቢሆንም፣ እዚህ ላይ ብዙ ተጠቃሚዎች የማያስተውሉት ልዩነት አለ። እ.ኤ.አ. በ2012 ከወጣው ዊንዶውስ 8 ወዲህ «ሸት ዳውን» የሚለው ትእዛዝ በአብዛኞቹ ኮምፒውተሮች ላይ ዊንዶውስን ሙሉ በሙሉ አይዘጋውም፤ በሚቀጥለው ጊዜ ፈጥኖ እንዲነሣ የሥርዓቱን ዋና ክፍል ከነበረበት ሁኔታ ጋር በዲስኩ ላይ አስቀምጦ ያቆየዋል። ከዚህ የተነሣ አንዳንድ ብልሽት ሌሊቱን ጠፍቶ ባደረ ኮምፒውተር ላይ ጠዋት አብሮ ይነሣል። «ሪስታርት» ግን ሁሉንም ከባዶ ስለሚያስጀምር፣ ድምፅ እምቢ ሲል፣ ፕሪንተር አልታይ ሲል ወይም ዋይፋይ አልገናኝ ሲል ከሸት ዳውን ይልቅ ሊመረጥ የሚገባው እርሱ ነው።

ሪስታርት ካልረዳ ቀጥሎ የሚከፈተው ታስክ ማናጀር የተባለው መስኮት ሲሆን፣ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ የተባሉት ቁልፎች በአንድነት ሲነኩ ብቅ ይላል። በመስኮቱ ላይ ሲፒዩ፣ ሜሞሪና ዲስክ በሚሉ ዓምዶች አናት በመቶኛ የተገለጹ ቁጥሮች ይነበባሉ። ሲፒዩ ስሌቱን የሚያከናውነው ክፍል ነው፤ ሜሞሪ ማለትም ራም በሥራ ላይ ያለ መረጃ ለጊዜው የሚያርፍበት ነው፤ ዲስክ ደግሞ ኮምፒውተሩ ቢጠፋም መረጃው የሚቆይበት ማከማቻ ነው። ኮምፒውተሩ ከተከፈተ ረዘም ያለ ጊዜ አልፎ፣ ማንም ሳይሠራበት፣ ዲስክ የሚለው ቁጥር 100 በመቶ ላይ ወይም አጠገቡ ተጣብቆ የሚቆይ ከሆነ፣ ጥርጣሬው በቅድሚያ ወደ ማከማቻው ሊያመራ ይገባል።

ምክንያቱ የሚገኘው በሀርድ ዲስክ አሠራር ውስጥ ነው። ሀርድ ዲስክ የሚሽከረከር ክብ ዝርግና በላዩ የሚመላለስ የንባብ ክንድ ያለው መካኒካዊ መሣሪያ ሲሆን፣ አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1956 የመጀመሪያውን ካስተዋወቀ ወዲህ መሠረታዊ ሐሳቡ አልተለወጠም። በላፕቶፕ ውስጥ የሚገኘው ዓይነት ብዙውን ጊዜ በደቂቃ 5,400 ጊዜ ስለሚሽከረከር አንዱ ዙር 11 ሚሊሰከንድ ያህል ይፈጃል። ክንዱ ወደ ተፈለገው ቦታ እስኪሄድ የሚወስደው ጊዜ ሲታከልበት፣ ዲስኩ በየቦታው የተበታተነ መረጃን በሰከንድ ከመቶ ጊዜ በላይ ለማንበብ ይቸገራል፤ ዊንዶውስ ሲነሣ ደግሞ እጅግ ብዙ ጥቃቅን ፋይሎችን በአንድ ጊዜ ይጠይቃል። ኤስኤስዲ የተባለው ማከማቻ የሚንቀሳቀስ ክፍል ስለሌለው ይህንኑ ንባብ በሰከንድ በአሥር ሺዎች ለሚቆጠር ጊዜ ያከናውናል። ስለሆነም የአሮጌ ላፕቶፕ ሀርድ ዲስክ በኤስኤስዲ ሲተካ ደቂቃዎችን ይፈጅ የነበረው አነሣሥ ወደ ሰከንዶች ይወርዳል። ለአሮጌ የቤት ኮምፒውተር ከሚወጣ ወጪ ሁሉ ይህን ያህል ለውጥ የሚያሳይ የለም ማለት ይቻላል፤ በየጊዜው ለፎርማት የሚከፈለው ገንዘብም ለዚህ ቢውል እጅግ ይሻላል።

የዲስኩ መጨናነቅ ከራም ማነስም ሊመነጭ ይችላል። ራሙ ሲሞላ ዊንዶውስ የተረፈውን መረጃ በዲስኩ ላይ ስለሚያሳርፍ፣ 4 ጊጋባይት ራም ብቻ ባለው ኮምፒውተር ላይ በርካታ ድረ ገጾች በአንድ ጊዜ ሲከፈቱ ዲስኩ ዕረፍት ያጣል። ራም ከመግዛት በፊት በዚያው በታስክ ማናጀር «ስታርትአፕ» በሚለው ክፍል ገብቶ፣ ከዊንዶውስ ጋር አብረው የሚነሡና በየቀኑ የማያስፈልጉ ፕሮግራሞችን «ዲስኤብል» ማድረግ ይቻላል፤ ይህ ፕሮግራሙን አያጠፋውም፣ ሳይጠሩት እንዳይነሣ ብቻ ያደርገዋል። ፀረ ቫይረሱን ግን መንካት አይገባም።

ሙቀትም አንዱ ምክንያት ነው። ሲፒዩ ከመጠን በላይ ሲግል ራሱን ከጉዳት ለመጠበቅ ፍጥነቱን ስለሚቀንስ፣ በፍራሽ ወይም በብርድ ልብስ ላይ ተቀምጦ መተንፈሻው የተደፈነ ላፕቶፕ ይንቀራፈፋል።

መብራት ደጋግሞ በሚቋረጥበት አካባቢ ባትሪ የሌለው ዴስክቶፕ ሌላ አደጋ ይገጥመዋል፤ ፋይል በሚጻፍበት ቅጽበት ኃይል ከተቋረጠ የፋይሉ አደረጃጀት ሊዛባና ዊንዶውስም አልነሣም ሊል ይችላል። መብራት ሲሄድ ለጥቂት ደቂቃዎች ኃይል የሚሰጠው ዩፒኤስ ሥራውን አስቀምጦ ኮምፒውተሩን በሥርዓት ለመዝጋት ጊዜ ይሰጣል። የኤሌክትሪኩን ከፍና ዝቅ ማለት የሚያስተካክለው ስታቢላይዘር ግን ባትሪ ስለሌለው ይህን አገልግሎት ሊተካ አይችልም።

ከምልክቶች ሁሉ ችላ ሊባል የማይገባው ከሀርድ ዲስኩ የሚሰማ ተደጋጋሚ የቀጭ ቀጭታ ድምፅ ነው። ይህ ድምፅ ዲስኩ ወደ መሞቱ መቃረቡን ሊያመለክት ስለሚችል፣ ፍተሻና ፎርማት እየደጋገሙ ከማድከም ይልቅ በሚሠራበት ጥቂት ጊዜ ውስጥ ዋና ዋና ፋይሎችን ወደ ሌላ ማከማቻ መገልበጥ ይቀድማል።

ፎርማት የግድ በሚሆንበት ጊዜ ደግሞ ብዙ ቤተሰብ ንብረቱን የሚያጣው ፋይሎቹ የት እንደሚቀመጡ ባለማወቅ ነው። ዴስክቶፕ በስክሪኑ ላይ የሚታይ የተለየ ቦታ ቢመስልም፣ እንደ ዶክዩመንትስ፣ ፒክቸርስና ዳውንሎድስ ሁሉ በተለመደው አቀማመጥ ሲ ድራይቭ ውስጥ የሚገኝ ፎልደር ነው፤ ፎርማት የሚደረገውም በአብዛኛው ይኸው ሲ ድራይቭ ነው። በሀርድ ዲስክ ላይ በስሕተት የጠፋ ፋይል ሌላ ነገር እስካልተጻፈበት ድረስ በልዩ ፕሮግራም ሊመለስ ይችል ይሆናል፤ ኤስኤስዲ ግን የተሰረዘውን ቦታ ራሱ ፈጥኖ ስለሚያጸዳ ያ ዕድል በእጅጉ የጠበበ ነው። ስለዚህ ኮምፒውተሩ ለባለሙያ ከመሰጠቱ በፊት እነዚህ አራት ፎልደሮች ወደ ውጫዊ ሀርድ ዲስክ ወይም ፍላሽ ይገልበጡ፤ ከተገለበጡትም ጥቂቶቹ በሌላ ኮምፒውተር ላይ ተከፍተው ይታዩ።