ሕገ መንግሥት ያረቀቁት መድፈኛ

የሕግ ሰዎች ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያምን የሚያነሷቸው በ1923ቱ ሕገ መንግሥት ነው። የቴአትር ሰዎች በ«ፋቡላ» ያስታውሷቸዋል፤ የዲፕሎማሲ ታሪክ የሚጽፉ ደግሞ በጄኔቭ። ሁሉም ልክ ናቸው፤ ግን ሰውየውን ተከፋፍለው ወስደዋቸዋል። ተክለ ሐዋርያት ከሁሉ አስቀድመው በትምህርት የያዙት ሙያ መድፈኛነት ነበር፤ የቀረው ሕይወታቸው የሚገባንም ከዚያ ስንነሣ ይመስለኛል።

በ1876 ዓ.ም. ሸዋ ውስጥ ተወልደው በልጅነታቸው ሐረር ራስ መኮንን ቤት ገቡ። የዓድዋ ዘመቻ ሲታወጅ ገና አሥራ ሁለት ዓመት እንኳ አልሞላቸውም፤ ከራስ ጋር ዘመቱ። ከድሉ በኋላ ራስ መኮንን ለሩሲያዊው ሊዮንቲየፍ አደራ ሰጧቸውና ፒተርስቡርግ ወረዱ። እዚያ ከአንድ መኮንን ቤተሰብ ጋር አደጉ፤ የመድፈኛ ትምህርት ቤት ገብተው ወጡ። አገራቸው ሲመለሱ ምኒልክ ታመው ነበር። እንደገና ወደ አውሮፓ ተሻግረው የእርሻ ትምህርት ቀጠሉ።

ለመድፈኛ ሒሳብና ልኬት የዕለት እንጀራው ነው፤ ርቀቱን ሳይለካ የተኮሰ ጥይቱን አባከነ። ተክለ ሐዋርያት ይህን ልማድ ይዘው ወደ አስተዳደር ገቡ። ጨርጨርን ሲገዙ ዋና ከተማውን ከኩኒ አንሥተው አሰበ ተፈሪን ቆረቆሩ፤ ዛሬ ጭሮ የምንለውን። ከከተማው ይልቅ ግን እኔን የሚገርመኝ የአስተዳደሩ ደንብ ነው። በዚያ ዘመን ሹም የሚበላው ከገባሩ ነበር፤ ምሱንም፣ ድርጎውንም፣ ጉልበቱንም። በጨርጨር ሹም በደመወዝ እንዲሠራና ገባሩ የሚከፍለው ግብር የታወቀ እንዲሆን ተሞከረ። አውራጃው «ሞዴል» ተብሎ በኋላ ለሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ተሰጠ፤ እሳቸውም በዚያው መንገድ ገፉበት። ሌላው አገር ግን በዚያ ዘመን በአብዛኛው እንደነበረ ቀረ።

«ፋቡላ»ም የመጣው ከዚሁ ሰውዬ ነው። መኳንንቱ ቴአትር ነው ተብለው አዝማሪ ሲዘፍንና ሲጨፈር ለማየት መታደማቸውን ባዩ ጊዜ፣ የሩሲያን መድረክ ያየው ዓይናቸው አልቻለም። የላፎንቴንን ተረቶች መነሻ አድርገው አውሬዎችን አናገሩ፤ ጉቦና ሹመት መሸጥን በአንበሳና በቀበሮ አፍ አስቀመጡ። በቴራስ ሆቴል ተመልካች የነበሩት ሹማምንት የራሳቸውን ፊት ለማወቅ ጊዜ አልወሰደባቸውም። ቴአትሩ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታገደ፤ መጽሐፉም ተሰበሰበ።

ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. ግን ያው ሰው በሌላ ቦታ ቆሙ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የመጀመሪያውን ሕገ መንግሥት ሲያጸድቁ፣ ያረቀቁት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ለተሰበሰበው መኳንንት ትርጉሙን በንግግር አስረዱ። ሰነዱ በ7 ምዕራፍ 55 አንቀጽ ነበር፤ አብነቱ የጃፓን የ1889 እ.ኤ.አ. ሕገ መንግሥት ነው። መመሳሰሉ ግን ወሳኙ ቦታ ላይ ያቆማል። በጃፓን የታችኛው ምክር ቤት አባላት በመራጭ ድምፅ ይገቡ ነበር፤ በእኛ ግን ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪበቃ ድረስ እንደራሴዎቹን የሚመርጡለት መኳንንቱና የአገር ሹማምንት ናቸው ተባለ። ማን ነው የሚበቃበትን ቀን የሚወስነው? ሕጉ አልመለሰም።

መኳንንቱ የግዛት ውርሳቸው በሕጉ እንዲጸናላቸው ይሹ ነበር፤ አልሆነም። ዘውዱ ግን በአንድ ቤት እንዲወርድ ተጻፈ፤ የንጉሠ ነገሥቱም አካል ቅዱስ ተባለ። እንግዲህ አርቃቂው ያሰሩት ባላባቱን እንጂ ንጉሡን አይደለም። ይህን ሳያውቁ አደረጉት ብዬ አላምንም። ከጨርጨር ልምዳቸው፣ ከየአውራጃው ባላባት አንድ ጠንካራ ማዕከል ይሻላል ብለው የመረጡ ይመስለኛል። ለዚህ ምርጫ ከሌላው ቀድመው ዋጋ የከፈሉት ግን እሳቸው ራሳቸው ሆኑ።

የወልወል ግጭት ኅዳር 26 ቀን 1927 ከተነሣ በኋላ፣ ተክለ ሐዋርያት በፓሪስ ሚኒስትራችን፣ በመንግሥታት ማኅበርም መልእክተኛችን ነበሩ። በነሐሴ ማብቂያ ላይ የጣሊያኑ አሎይዚ የኢትዮጵያን ስም የሚያጠፋ ወፍራም ሰነድ ለማኅበሩ ምክር ቤት አቀረበ። በኢትዮጵያ በኩል ሊመልሱ የተነሡት ፈረንሳዊው የሕግ ፕሮፌሰር ጋስቶን ዤዝ ሲሆኑ፣ አሎይዚ ተነሥቶ ወጣ። መድፈኛው ተክለ ሐዋርያት ያን ሰሞን የሚዋጉት በአንቀጽ ነበር፦ በማኅበሩ ቃል ኪዳን አንቀጽ 16፣ ጦር ያነሣ አባል በሁሉም ላይ እንዳነሣ ይቆጠራል። መስከረም 22 ቀን 1928 ጣሊያን ድንበር ጣሰች። ከአራት ቀን በኋላ ምክር ቤቱ አጥፊ ናት ብሎ ፈረደ። ፍርዱ የእኛ ነበር፤ ከማዕቀቡ ዝርዝር ውስጥ ግን ነዳጅ ዘይት ቀረ። የጣሊያን ካሚዮን ደግሞ በፍርድ አይቆምም።

ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ጅቡቲ ሲነሡ፣ አይሄዱም ብለው ከተከራከሩት አንዱ ወደ አገር ቤት የተመለሱት ተክለ ሐዋርያት ናቸው። በመጨረሻ እሳቸውም ተሰደዱ፤ ማዳጋስካርን ጨምሮ ሃያ ዓመት ያህል በውጭ ኖሩ። ከነጻነት በኋላም ቶሎ አልተመለሱም። ሲመለሱ ሂርና ላይ እርሻቸውን ይዘው ተቀመጡ። በ1969 ዓ.ም. ሲያርፉ፣ ዘውዱን በአንድ ቤት ያጸናው ሰነድ በ1948ቱ ተተክቶ፣ ዘውዱም ራሱ ወድቆ ነበር።

ግለ ታሪካቸው የታተመው ካረፉ ከሠላሳ ዓመት ገደማ በኋላ ነው፤ አሳታሚው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ። በንጉሡ ላይ ያላቸው ቅሬታ በመጽሐፉ አልተደበቀም፤ አንባቢም ግለ ታሪክ ለባለቤቱ እንደሚያደላ አይርሳ። ያም ሆኖ የመጀመሪያውን ሕገ መንግሥታችንን የምታስተምሩ መምህራን፣ 55ቱን አንቀጾች ስታስነብቡ ይህንንም መጽሐፍ አብራችሁ አስነብቡ። ተማሪው ሕጉን የጻፈው ማን እንደሆነና በጻፈው ሕግ ሥር እንዴት እንደኖረ ጎን ለጎን ያያል።